ምሽግ፣ ቦይ፣ አጽም ቤት፦ የሶቻ ሸለቆ ድንጋይ እንዴት ይነበባል?

ማርሻል ባዶሊዮ የሚለው ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አዲስ አይደለም። በሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ ያዘነበው፣ ሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ የገባው የጣሊያን ጦር አዛዥ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን የማናውቀው ከዚያ በፊት የነበረውን ታሪኩን ነው። ይህ ሰው ከ18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ አውሮፓ ውስጥ ባለ አንድ ጠባብ ሸለቆ፣ የገዛ አገሩ ወታደሮች በመርዝ ጋዝ ሲያልቁ እዚያው ግንባር ላይ የጦር አዛዥ ነበር።

ሸለቆው የሶቻ ሸለቆ ይባላል። ዛሬ ስሎቬንያና ጣሊያን የሚዋሰኑበት አካባቢ ነው። በ2025 በድንበሩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ከተሞች፣ የስሎቬንያዋ ኖቫ ጎሪትሳና የጣሊያኗ ጎሪዚያ፣ በአንድነት የአውሮፓ የባህል መዲና ሆነው ስለነበር አካባቢው በዜና በብዛት ተነሥቷል። አብዛኛው ጎብኚ የሚሄደው ለወንዙና ለተራራው ነው። አካባቢው ግን ከዳር እስከ ዳር የጦርነት ሥራ ሞልቶበታል። የ400 ዓመት ምሽግ አለ። ዐለት ውስጥ የተፈለፈለ ዋሻ አለ። የመቶ ሺህ ሰው አጽም ያለበት ደረጃ አለ። ምን እንደሆኑ ካላወቁ ሁሉም ያው ድንጋይ ነው።

ይህ ማብራሪያ ድንጋዩን ለማንበብ የሚያስፈልገውን ያህል ነው። ከአሁን በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው የት ነው? ስሙስ ለምን ይቀያየራል?

ሶቻ ወንዝ ነው። በሰሜን ምዕራብ ስሎቬንያ ጁሊያን አልፕስ ከሚባሉት ተራሮች ይነሣል። 138 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጣሊያን ውስጥ አድሪያቲክ ባሕር ይገባል። ውኃው እንደ አረንጓዴ ጠርሙስ የሚያበራ ነው። ፎቶውን ያየ ሰው ቀለም የተጨመረበት ይመስለዋል።

ጣሊያኖች ይህንኑ ወንዝ ኢዞንዞ ይሉታል። በመሐል ያለችው ትንሽ ከተማ በስሎቬንኛ ኮባሪድ፣ በጣሊያንኛ ካፖሬቶ ትባላለች። ይህን ካላወቁ የታሪክ መጽሐፍ ላይ ያነበቡትን ቦታ ካርታ ላይ ፈልገው ያጣሉ። ስሙ የበዛው ባለቤቱ ስለተለዋወጠ ነው። በ1900 እዚህ የተወለደ ሰው የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ዜጋ ነበር። በ1920 በራፓሎ ስምምነት ጣሊያን ውስጥ ሆነ። በ1947 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ሆነ። ዕድሜ ሰጥቶት 1991ን ካየ ደግሞ ስሎቬንያ ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውዬው ከቤቱ አልተነቃነቀም።

ከተማ በኮከብ ቅርጽ የሚሠራው ለምንድን ነው?

ጉዞውን ከሜዳው መጀመር ይሻላል። ከሸለቆው በስተደቡብ ምዕራብ፣ በጣሊያን በኩል፣ ፓልማኖቫ የምትባል ከተማ አለች። ከሰማይ ሲያዩዋት ዘጠኝ ጫፍ ያላት ኮከብ ናት። መሐሏ ላይ ስድስት ማዕዘን ያለው ሰፊ አደባባይ አለ። መግቢያዋ ሦስት በር ብቻ ነው። የቬኒስ ሪፐብሊክ በኦክቶበር 1593 መሠረቷን ጣለች። የፈራቻቸው በምሥራቅ ኦቶማን ቱርኮችን፣ በቅርብ ደግሞ የኦስትሪያ ገዢ ቤተሰብ የሆኑትን ሐብስቡርጎች ነበር።

ኮከቡ ለውበት የተሠራ አይደለም። ከመድፍ በፊት የነበረ ምሽግ ረጅምና ቀጥ ያለ ግንብ፣ ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ያለው ነው። ጎንደር ያለውን የፋሲል ግንብ ማማዎች ያየ ሰው ክብ ማማ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ረጅም ግንብ መሰላል ይዞ ለሚመጣ ጠላት ጥሩ ነው። ለመድፍ ግን ትልቅ ዒላማ ነው፤ ደጋግመው ሲመቱት ይናዳል።

ሁለተኛ ችግርም አለ። ጠላት ሮጦ ግንቡ ሥር ከተለጠፈ ከላይ ያለው ጠባቂ አያየውም። የግቢ አጥርን አስቡት። ሌባ አጥሩን ተደግፎ ቢቆም በረንዳ ላይ ያለው ባለቤት አያየውም። ማዶ ያለው ጎረቤት ግን ያየዋል።

የኮከብ ምሽግ የጎረቤትን ዓይን በድንጋይ መሥራት ነው። ግንቡ ዝቅና ወፈር ይላል። ከኋላው አፈር ስለሚሞላ የመድፍ ጥይት ይውጣል። ከየማዕዘኑ ደግሞ እንደ ቀስት ራስ ወደ ውጭ የወጣ ክፍል ይኖረዋል። ይህ ባስቲዮን ይባላል። እያንዳንዱ ባስቲዮን የራሱን ግንብ ሥር ባያይም የጎረቤቱን ያያል። ስለዚህ ጠላት በየት በኩል ቢጠጋ ከጎን የሚተኩስበት አያጣም።

ፓልማኖቫ ሦስት ዙር ምሽግ አላት። ሁለቱን ቬኒስ ሠራች። ሦስተኛውን ከ1806 በኋላ የናፖሊዮን ሰዎች ጨመሩ። ችግሩ ማንም እዚያ መኖር አለመፈለጉ ነበር። በ1622 ቬኒስ ወንጀለኞችን በምሕረት ፈትታ፣ መሬት ሰጥታ እንዲሰፍሩባት ሞከረች። የፈራችው የቱርክ ጦርም መጥቶ አልከበባትም። ከተማዋ ሳትነካ የቆየችው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ከ2017 ጀምሮ ከሌሎች የቬኒስ ምሽጎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ናት። በአንድ ጠዋት በእግር ዞረው ይጨርሷታል። ከአደባባዩ ይልቅ በውጭ በኩል ሣር የለበሰው የአፈር ግድግዳ ላይ ቢሄዱ ነገሩ ይበልጥ ይገባዎታል።

የድንጋይ ምሽግ መቼ ነው የማይረባ የሆነው?

መልሱ ከቦቬትስ ከተማ በላይ፣ በተራራው መግቢያ ላይ ቆሟል። ኮሪትኒትሳ የምትባል ትንሽ ወንዝ ዐለቱን ሰንጥቃ ጥልቅ ገደል ሠርታለች። ገደሉ አፋፍ ላይ ክሉዤ የሚባል ምሽግ አለ። ቬኒሶች በቱርክ ዘመን እዚሁ ላይ ምሽግ ነበራቸው። አሁን የሚታየውን የድንጋይ ሕንፃ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሠራችው። መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ ምሽጉ እንደ በር መዝጊያ ነው።

ከክሉዤ በላይ፣ በዋሻ ጭምር የሚያልፍ መንገድ ወደ ሁለተኛ ምሽግ ይወስዳል። ኸርማን ይባላል፤ በ1900 ተጠናቀቀ። ስሙን ያገኘው በ1809 ከናፖሊዮን ጦር ጋር ሲዋጋ ከሞተ መኮንን ነው። ኸርማን አዲስ ነበር፣ ጠንካራ ነበር፣ ከፍታ ላይ ሆኖ ሩቅ ያይ ነበር። ውጤቱን ሄደው ሲያዩት ያስደነግጣል። ጣሪያው ወድቋል፣ ግድግዳው ተቦድሷል፣ ብረቱ ተጣሟል። አንደኛው የዓለም ጦርነት እዚህ እንደጀመረ የጣሊያን ከባድ መድፍ አፈራርሶታል። ከታች ገደሉ ውስጥ የተደበቀው አሮጌው ክሉዤ ግን ዛሬም ሙሉ ነው። መድፉ አላየውም።

ሁለቱን በአንድ ቀን ያየ ሰው የጦር ምሕንድስናን ለውጥ ከመጽሐፍ በተሻለ ይረዳዋል። ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በኋላ የመድፍ ጥይት በጠንካራ ፈንጂ የሚሞላ ሆነ። ርቀቱም ጨመረ። ከዚያ ወዲያ ከፍ ብሎ የሚታይ ነገር ሁሉ ዒላማ ነው። ጥንካሬ ከመወፈር ወደ መደበቅ ዞረ።

የእኛ ቋንቋ ይህን ታሪክ በአንድ ቃል ይዞታል። በአማርኛ ምሽግ ስንል የድንጋዩን ግንብም፣ ወታደር የሚቆፍረውን ቦይም ማለታችን ነው። በሶቻ ሸለቆ የመጀመሪያው ምሽግ በሁለተኛው ምሽግ የተተካው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው።

በዚህ ጠባብ ሸለቆ 12 ጊዜ የተዋጉት ለምንድን ነው?

ጣሊያን አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ዳር ቆማ ነበር። ኤፕሪል 26 ቀን 1915 ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጋር ለንደን ላይ ምስጢራዊ ውል ፈረመች። ከእነሱ ጎን ከተሰለፈች የወደብ ከተማዋን ትሪየስቴን ጨምሮ ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ሰፊ መሬት እንደሚሰጣት ተስማሙ። በሚቀጥለው ወር፣ ሜይ 23፣ በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ላይ ጦርነት አወጀች።

የሁለቱ ድንበር ረጅም ነበር። ግን አብዛኛው የአልፕስ ጫፍ ነው፤ በዚያ በኩል ብዙ ሠራዊት አያልፍም። ወደ ትሪየስቴና ወደ ዛሬዋ የስሎቬንያ ዋና ከተማ ሉብሊያና የሚያስገባው የተሻለ በር ሶቻ ነበር። በሩ ደግሞ ክፉ በር ነው። ጣሊያኖች ወንዙን መሻገር አለባቸው፤ ከተሻገሩ በኋላ ሽቅብ መውጣት አለባቸው፤ ላይ ጠላት መትረየስ ጠምዶ ይጠብቃል።

የጣሊያኑ ጠቅላይ አዛዥ ሉዊጂ ካዶርና ነበር። ከጁን 1915 እስከ ሴፕቴምበር 1917 ድረስ 11 ጊዜ አጠቃ። የኦስትሪያ-ሃንጋሪው አዛዥ ስቬቶዛር ቦሮዬቪች 11 ጊዜም መከተው። ትልቁ የጣሊያን ድል በኦገስት 1916 ሳቦቲን የሚባለውን ተራራና ጎሪዚያን መያዝ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ በፈጀው ውጊያ ግንባሩ በብዙ ቦታ የተነቃነቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሞተውና የቆሰለው ግን በሁለቱም ወገን በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

ስሎቬንያ በዚያን ጊዜ አገር አልነበረችም። ስሎቬኖቹ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ወታደር ሆነው በገዛ ቀያቸው ላይ ተዋጉ። ቤተሰባቸው ግማሹ ወደ ኦስትሪያ በኩል፣ ግማሹ ወደ ጣሊያን በኩል ተፈናቀለ። ጉብኝት መጽሐፎች ላይ ይህ በአንድ መስመር ይታለፋል። ለእኔ ከጄኔራሎቹ ታሪክ በላይ ነው።

ተራራ ላይ ቦይ መቆፈር ምን ይመስላል?

ፈረንሳይ ውስጥ ወታደሩ ቦይ የሚቆፍረው ጭቃ ላይ ነው። እዚህ ያለው ዐለት ነው። ቦዩ የሚፈለፈለው በመዶሻ፣ በመሰርሰሪያና በድማሚት ነበር። ከዚያም ዋሻ ይከተላል፤ መኝታው፣ የጥይት ማስቀመጫው፣ ሆስፒታሉ፣ መድፉ ሳይቀር ዐለት ውስጥ ገባ።

ወደ ባሕሩ የቀረበው ደጋ ካርስት ይባላል። ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። ውኃ አይዝም፤ የዘነበው ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ወታደሩ ዝናብ እየመታውም ይጠማል። መድፍ ድንጋዩ ላይ ሲፈነዳ ደግሞ ድንጋዩ ራሱ ጥይት ይሆናል። ስብርባሪው የብዙ ሰው ዓይንና ራስ አጥፍቷል።

ሰሜኑ ላይ ጠላት በረዶ ነበር። ቭርሺች የሚባለውን የተራራ መተላለፊያ መንገድ የሠሩት የሩሲያ ምርኮኞች ናቸው። መንገዱ 1,611 ሜትር ከፍታ ላይ ይወጣል፤ 50 ጠመዝማዛ አለው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተጽፎበታል። በማርች 1916 የበረዶ ናዳ ወርዶ ምርኮኞቹንና ጠባቂዎቻቸውን ቀበረ። ወደ 300 ሰው እንደሞተ ይነገራል። ከሞት የተረፉት በመንገዱ ዳር ትንሽ የእንጨት ጸሎት ቤት ሠሩ። ዛሬም አለች፤ የሩሲያ ጸሎት ቤት ትባላለች። በአውሮፓ በጋ በመኪና ሽቅብ ሲወጡ ስምንተኛው ጠመዝማዛ አካባቢ ቆም ብለው ቢያዩዋት መልካም ነው።

ቦይ ማየት ለሚፈልግ ኮሎቭራት የሚባለው ተራራ ጀርባ ይበቃል። ጣሊያኖች እዚያ የሠሩት የመከላከያ መስመር ተጠግኖ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ዛሬ ድንበሩ በተራራው ጀርባ ስለሚያልፍ በቦዩ ውስጥ ሲሄዱ አንዴ ስሎቬንያ፣ አንዴ ጣሊያን ውስጥ ይገኛሉ።

በኦክቶበር 24 ቀን 1917 ምን ሆነ?

ከ11ኛው ውጊያ በኋላ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ደክማ ነበር። ጀርመን እንድትረዳት ጠየቀች። ጀርመኖችም አዲስ ስልት ይዘው መጡ። በሰፊው ከመግፋት ይልቅ ትንንሽ ቡድኖች በደካማ ቦታ ሰርገው ይገባሉ። ጠንካራውን ምሽግ ትተውት ያልፋሉ። ከኋላው ሆነው መንገዱንና ስልኩን ይቆርጣሉ።

12ኛው ውጊያ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ቦቬትስ አጠገብ ከ800 በላይ የብረት ቱቦዎች መሬት ውስጥ ተቀብረው ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጋዝ የተሞላ ዕቃ ወደ ጣሊያኖቹ ምሽግ ተፉ። ጋዙ ፎስጂን ነበረበት። ፎስጂን ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ውኃ ወደ ጎድጓዳ ቦታ ይወርዳል። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ሰውዬው እዚያው በደረቅ መሬት ላይ ይሰጥማል። የጣሊያኖቹ ጭንብል አልመከተውም። በአንድ ሸጥ ውስጥ ተጠግተው የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች እንደተቀመጡ ሞቱ።

በስተደቡብ ቶልሚን በምትባል ከተማ በኩል ደግሞ አንድ የጀርመን ክፍለ ጦር በጭጋግና በዝናብ ውስጥ የወንዙን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ። ተራራው ላይ ያሉት ጣሊያኖች ከታች የሚያልፈውን አላዩም። ከሰዓት በኋላ ኮባሪድ ተያዘች። በሁለት ቀን ውስጥ ኤርቪን ሮመል የሚባል ወጣት መኮንን ማታዩር የሚባለውን 1,642 ሜትር ተራራ ያዘ፤ በመንገዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮችን ማርኳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካ በረሃ የታወቀው ሮመል ነው።

የጣሊያን ሁለተኛ ጦር ፈረሰ። ከ250 ሺህ በላይ ወታደር ተማረከ። የተረፈው ቬኒስ አቅራቢያ ፒያቬ ወንዝ እስኪደርስ ሸሸ። ካዶርና ተሻረ። በጣሊያንኛ ዛሬም አንድ ሰው ወይም አንድ የኳስ ቡድን ክፉኛ ሲሸነፍ «ካፖሬቶ ሆነበት» ይባላል።

ባዶሊዮስ የት ነበር?

ቶልሚን ፊት ለፊት የነበረውን 27ኛ ኮር የሚያዝዘው ፒየትሮ ባዶሊዮ ነበር። ጀርመኖች የሰበሩት ዋናው ቦታ በእሱ በኩል ነው። የመድፍ አዛዦቹ ያለ እሱ ትእዛዝ እንዳይተኩሱ ተነግሯቸው ነበር። የስልክ መስመሩ በመጀመሪያው ድብደባ ተቆረጠ። ጠላት ከታች ሲያልፍ አብዛኛው መድፍ ዝም አለ። ለሽንፈቱ ተጠያቂው ማነው የሚለው ክርክር በጣሊያን ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ዛሬም አልበረደም።

ባዶሊዮ ግን አልወረደም፤ ወጣ። ካዶርናን የተካው አርማንዶ ዲያዝ ምክትሉ አደረገው። በኖቬምበር 1918 ኦስትሪያ-ሃንጋሪ እጇን ስትሰጥ የተኩስ አቁሙን የፈረመውን የጣሊያን ቡድን የመራው እሱ ነበር።

ጣሊያን በ1925 የጄኔቫን ፕሮቶኮል ፈረመች፤ በ1928 አጸደቀችው። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ውል ነው። በኖቬምበር 1935 ሙሶሊኒ የመጀመሪያውን አዛዥ ዴ ቦኖን አንሥቶ ባዶሊዮን የኢትዮጵያ ዘመቻ ዋና አዛዥ አደረገው። በሚቀጥለው ወር የሰናፍጭ ጋዝ በተከዜ አካባቢ በኢትዮጵያ ሠራዊት ላይ ወረደ። ከዚያም በአውሮፕላን እንደ ዝናብ ይረጭ ጀመር። ጭንብል የሌለው፣ ብዙው ባዶ እግሩን የሆነ ወታደርና ገበሬ ላይ ነው የወረደው። የሰናፍጭ ጋዝ ከፎስጂን ይለያል። ቆዳን ያቃጥላል፤ ሣርና ውኃ ላይ ይቀራል። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት የተናገሩት ይህንኑ ነው። ለባዶሊዮ ደግሞ የአዲስ አበባ መስፍን የሚል ማዕረግ ተሰጠው።

የቦቬትስን ሸጥ ለመጎብኘት ለሚሄድ ሐበሻ ይህን ማወቅ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋዝ ምን እንደሚያደርግ የጣሊያን ጦር አዛዦች ከወሬ አልሰሙም። በገዛ ልጆቻቸው ላይ ሲወርድ አይተዋል።

መታሰቢያዎቹስ ለምን አይመሳሰሉም?

በአካባቢው ሦስት መታሰቢያዎችን ማነጻጸር ይቻላል። ሦስቱም ለአንድ ጦርነት የተሠሩ ናቸው። ማን ሠራቸው፣ መቼ ሠራቸው ብለው ሲጠይቁ ግን ልዩነታቸው ይወጣል።

የመጀመሪያው ያቮርትሳ ነው። ከቶልሚን በላይ፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ለመንፈስ ቅዱስ የተሰየመ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ነው። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ወታደሮች በ1916 ከማርች እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ራሳቸው ሠሩት። ውጊያው ገና አላበቃም ነበር፤ ሠሪዎቹ ከግንባር እየተቀያየሩ የሚመጡ ናቸው። ንድፉን የሠራው ሬሚጊዩስ ጋይሊንግ የሚባል የቪየና ሠዓሊ ነው። በውጭ ግድግዳው ላይ የግዛቱ 20 ክፍሎች አርማ አለ። ውስጥ ሲገቡ በሁለቱም ጎን እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጡ የኦክ እንጨት ሰሌዳዎች ያገኛሉ። የ2,564 ሟቾች ስም በጋለ ብረት እየተቃጠለ ተጽፎባቸዋል። እንጨቱ የጥይት ሣጥን ነበር። ሃይማኖትና ብሔር ሳይለይ የጓደኛን ስም የጻፉበት ቤት ነው። በ2018 የአውሮፓ ቅርስ መለያ አግኝቷል።

ሃይማኖት ካነሣን፣ ሎግ ፖድ ማንጋርቶም በሚባለው መንደር በጦርነቱ ጊዜ ለቦስኒያ ሙስሊም ወታደሮች የእንጨት መስጊድ ተሠርቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጠፋ፤ የቀረው ፎቶው ነው። የወታደሮቹ መቃብር ግን እዚያው አለ።

ሁለተኛው ኮባሪድ ላይ ያለው የጣሊያን አጽም ቤት ነው። አጽም ቤት ማለት ከየቦታው የተሰበሰበ የወታደር አጽም በአንድነት የሚያርፍበት ሕንፃ ነው። ከከተማው በላይ ባለ ኮረብታ ላይ፣ ቀድሞ የነበረችውን የቅዱስ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ከቦ ተሠራ። ስምንት ማዕዘን ያለው ሦስት ደርብ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይጠባል። 7,014 ወታደሮች አሉበት። በሴፕቴምበር 1938 ሙሶሊኒ ራሱ መጥቶ መረቀው። ልብ በሉ፤ ስሎቬንኛ ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት በተከለከለበት ዘመን፣ ከስሎቬኖች ከተማ ራስ ላይ ተቀመጠ።

ሦስተኛው በጣሊያን በኩል ያለው ሬዲፑልያ ነው። እሱም በዚያው ወር ተመረቀ። የኮባሪዱን የሠሩት ጆቫኒ ግሬፒና ጃኒኖ ካስቲልዮኒ የእሱም ሠሪዎች ናቸው። ኮረብታው በሙሉ 22 ግዙፍ የድንጋይ ደረጃ ሆኗል። ከ100 ሺህ በላይ ወታደር አለበት፤ ወደ 40 ሺህ የሚሆኑት በስም የታወቁ፣ 60 ሺህ ያህሉ ያልታወቁ ናቸው። በየደረጃው ጠርዝ ላይ አንድ ቃል ሳይቋረጥ ይደጋገማል፦ «ፕሬዜንቴ»። ስም ሲጠራ «አቤት፣ አለሁ» እንደማለት ነው። የሞተው ሰው እንደ ተሰለፈ ወታደር ስሙ ይጠራል፤ እሱም ይመልሳል።

ያቮርትሳ ላይ ሟቹ ስም ነው። ሬዲፑልያ ላይ ሟቹ ሰልፍ ነው። በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት ኢትዮጵያን ይዞ ነበር፤ ሌላ ጦርነትም እየመጣ ነበር። ሕንፃው የተሠራው ለሞቱት ብቻ ሳይሆን ወደፊት እንዲሞቱ ለሚፈለጉት ጭምር ነው።

ከደረጃው ግርጌ ብቻውን አንድ ትልቅ መቃብር አለ። የሦስተኛው ጦር አዛዥ የነበረው የአኦስታው መስፍን ኤማኑኤሌ ፊሊቤርቶ ነው። ልጁ አሜዴዮ ከግራዚያኒ ቀጥሎ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ የተቀመጠው ነው። በሜይ 1941 አምባላጌ ላይ ከነሠራዊቱ እጁን ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ ሞተ፤ መቃብሩ ኬንያ፣ ኒዬሪ ነው። አባትየው ግን እዚህ፣ ከመቶ ሺህ ወታደሮቹ ፊት ተኝቷል።

ድንበሩስ አሁን ምን ሆነ?

በ1947 አዲሱ ድንበር ጎሪዚያን ቆረጣት። አሮጌው ከተማ ጣሊያን ውስጥ ቀረ። በባቡር ጣቢያው በኩል ያለው ወደ ዩጎዝላቪያ ገባ፤ እዚያም ከ1948 ጀምሮ ኖቫ ጎሪትሳ፣ ማለትም አዲሷ ጎሪዚያ፣ ተሠራች። ሚረን በሚባል መንደር መስመሩ በመቃብር ቦታ መሐል አለፈ። እስከ 1975 ድረስ እንዲህ ቆየ።

በኦገስት 13 ቀን 1950 ብዙ ሺህ ሰው ከዩጎዝላቪያ በኩል ኬላውን ጥሶ ወደ ጎሪዚያ ገባ። ዘመድ ጠየቀ፤ ዕቃ ገዛ። ብዙው የገዛው መጥረጊያ ስለነበረ ቀኑ የመጥረጊያ እሑድ ተብሎ ቀረ። መጥረጊያ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ በእጥረት ዘመን የኖረ ሰው አይነገረውም።

በባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አጥር በ2004 ስሎቬንያ የአውሮፓ ኅብረት ስትገባ ፈረሰ። ዲሴምበር 21 ቀን 2007 ደግሞ የሸንገን አባል ስትሆን ፍተሻው ቀረ። ዛሬ አደባባዩ ላይ ድንበሩን የሚያሳይ ክብ ምልክት መሬት ላይ ተነጥፏል። አንድ እግር በአንድ አገር፣ ሌላውን በሌላው አድርገው ፎቶ ይነሡበታል።

ለመሄድ ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

ሁለቱም አገሮች ሸንገን ውስጥ ስለሆኑ አንድ ቪዛ ለሁለቱም ይሠራል። ይሁንና ጣሊያን ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ በስሎቬንያ ድንበር ፍተሻ መልሳለች፤ ጊዜውንም ደጋግማ አራዝማለች። አውሮፓ የምትኖሩም ብትሆኑ ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ሆቴል ትታችሁ አትውጡ።

ማረፊያ ኮባሪድ ይመቻል። በ1990 የተከፈተው የኮባሪድ ሙዚየም እዚያው ነው፤ በ1993 የአውሮፓ ምክር ቤትን የሙዚየም ሽልማት አግኝቷል። ወደ ተራራ ከመውጣታችሁ በፊት እሱን እዩ። ትልቁ የመልክዓ ምድር ሞዴል ማን ከየት እንደመጣ በአንድ ዕይታ ያሳያል። ከአልፕስ እስከ አድሪያቲክ መታሰቢያዎቹን የሚያገናኝ የሰላም መንገድ የሚባል የእግር መንገድም አለ፤ የወደዳችሁትን ቁራጭ መርጣችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

መኪና ለሌለው ባቡር አለ። ከየሰኒትሴ ወደ ኖቫ ጎሪትሳ የሚወርደው መስመር በታችኛው ክፍሉ የሶቻን ሸለቆ ተከትሎ ይሄዳል። መጨረሻው አካባቢ ሶልካን ድልድይን ይሻገራል። ቅስቱ 85 ሜትር ነው፤ ከተጠረበ ድንጋይ ከተሠሩ የባቡር ድልድይ ቅስቶች በዓለም ትልቁ ነው። በ1906 መስመሩ ተከፈተ። በኦገስት 1916 ኦስትሪያውያን ሲያፈገፍጉ ቅስቱን አፈረሱት። ጣሊያኖች በ1920ዎቹ በድንጋይ መልሰው ሠሩት።

የቭርሺች መንገድ በአውሮፓ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ በበረዶ ይዘጋል፤ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ያለው ጊዜ ይሻላል። ዋሻ ለመግባት የእጅ ባትሪ ያዙ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ በመንገድ ላይ የዛገ ብረት ብታዩ አታንሡ፣ በእግራችሁም አትንኩ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ያልፈነዳ ጥይት ዛሬም ይገኛል።